አረንጓዴው ከላይ

አቾል ፌስታሏን አንጠልጥላ ስትገባ ትዕዛዝ ገና ፊቷን አልታጠበችም ነበር። "ያላ፣ ተነሺ! ሥራ አምጥቼልሻለሁ" አለችና የያዘችውን ሁሉ የስፌት መኪናው ላይ ዘረገፈችው። ጥቁር ጨርቅ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፤ ከሁሉም ያነሰች ደግሞ መዳፍ የምታህል ቢጫ ቁራጭ። ከጨርቁ መሀል ከኢንተርኔት ቤት በቀለም የታተመች ወረቀት ወደቀች። ትዕዛዝ አንስታ አየቻት። ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም፤ ከጥር ወዲህ በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሠፈር ውስጥ ያለ የደቡብ ሱዳን ሰው ሁሉ ይቺን ሥዕል በስልኩ ይዞ ነበር የሚዞረው።

"ባንዲራችንን አንቺ ትሰፊልናለሽ" አለች አቾል። "ወደ ደቡብ የምንመለሰው የኛ አውቶቡስ ሰዎች ተስማምተናል። ከኮስቲ ወደብ በጀልባ ስንሄድ፣ ልክ ድንበሩን ስናልፍ፣ ከጀልባዋ ፊት ቆሜ የምይዛት እኔ ነኝ። እኔ!"

ባንዲራችን! ያውም አፏን ሞልታ። ትዕዛዝ ሳቅ አለች፤ "መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አለች፤ ጨርቁንም ዳበስ ዳበስ አደረገች። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን ላሳምረው ብዬ "ከፋት" ወይም "ተከዘች" ብል ዋሾ እሆናለሁ። ቀናች። የጎረቤት ልጅ አዲስ ጫማ አድርጋ ሲያዩ እንደሚቀናው ዓይነት ቅናት፤ እኔ ካላገኘሁት ይቀደድ የሚያሰኘውን።

እንዴትስ አትቀና? ሁለቱ እኮ የተወለዱት በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሠፈር፣ በአንዲት አዋላጅ እጅ ነው። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የአቾል ወላጆች የደቡቡን ጦርነት ሸሽተው ወደ ካርቱም ወጡ። የትዕዛዝ አባት አቶ ተስፋጽዮን ጎንደር ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ በፖለቲካ ሰበብ ሲሳደዱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለተሥላሴን ይዘው በመተማ በኩል ሱዳን ገቡና እዚሁ ቀሩ። ልጆቹ "አገራችሁ" የሚባለውን ቦታ አንዳቸውም በዓይናቸው አላዩትም። የሠፈሩ ልጆች ትዕዛዝን "ሐበሻ! ሐበሻ!" እያሉ ሲከተሏት በድንጋይ የምታባርርላት አቾል ነበረች። አቾልን ሲሰድቧት ደግሞ ትዕዛዝ ትናከሳለች፤ አንዱ ልጅ ዛሬም ክንዱ ላይ ምልክቱ አለ። የሚጫወቱት በዐረብኛ፣ የሚጣሉት በዐረብኛ ነው፤ የትዕዛዝ አማርኛማ ግማሹ ዐረብኛ ሆኖ አባቷን ሲያበሳጭ ይኖራል። "ከየት ናችሁ?" ለሚላቸው ሰው ሁለቱም "ከሐጅ ዩሱፍ" ብለው ይመልሱና ይሳሳቃሉ። ሁለት ስለሆኑ አገር የሌላቸው መሆኑ ብዙም አይሰማቸውም ነበር።

ጥር ላይ ግን አቾል ጣቷን ሽቅብ ቀስራ መጣች። ደቡብ ይገንጠል አይገንጠል ተብሎ ድምፅ የተሰጠ ሰሞን ነው። ጣቷ እስከ አንጓው ድረስ በወይን ጠጅ ቀለም ተነክሯል።

"ጠየቁኝ እኮ!" አለች። "ትዕዛዝ፣ ጠየቁኝ! ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም ብለው እኔን፣ እኔን ራሴን ጠየቁኝ!"

ቀለሙ እንዳይለቅባት ብላ ሳምንት ሙሉ ሰሃን አላጥብም አለችና ከእናቷ ጋር ተጣላች። ትዕዛዝን ግን ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም። በየዓመቱ ወረፋ ይዛ የምታሳድሳት ቢጣቃ አለቻት፤ መታወቂያ መሆኗ ነው። ላይዋ ላይ "ላጂእ"፣ ስደተኛ፣ ተብሎ ተጽፎባታል። እዚሁ ተወልዳ ከየት እንደተሰደደች እሷም ግራ ይገባታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ? አባቷ ሱቅ ዐረቢ ገበያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለስደተኞች ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ መፈረም የማይችለውን ሰው ጣቱን የሚያስነኩባት የቀለም ሣጥን አለቻቸው። ትዕዛዝ ያቺን ሣጥን ከፍታ ጣቷን እስከ አንጓው ነከረችና መስተዋት ፊት ቆመች። ሽቅብ ቀሰረችው። ከዚያ በገዛ ራሷ አፈረችና በሳሙና ስትፈገፍግ ዋለች። ቀለሙ አለቀቀም። ማታ ገበታ ላይ አቶ ተስፋጽዮን ጣቷን አዩ፤ ፊታቸው ጠቆር አለና መጉረሳቸውን ቀጠሉ።

ባንዲራ ደግሞ ከነትዕዛዝ ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ነገሩን የሚያብሰው እሱ ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ለቤተ ክርስቲያን በዓል፣ ለመስቀል፣ ለሠርግ መኪና ባንዲራ በመስፋት የታወቁ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ፣ የምትሰፋው ትዕዛዝ ናት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ከጎን ዘንጉ የሚገባበት ኪስ። ኪሱ በአረንጓዴው በኩል ይደፈናል፣ ዘንጉ አልፎ እንዳይወጣ፤ በቀዩ በኩል ክፍት ይቀራል። ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። ያን ሁሉ ሰፍታ ግን አንዷንም ይዛ ወጥታ አታውቅም። የሐበሻው ማኅበር በተሰበሰበ ቁጥር ጠብ ነዋ! አንዱ ኮከብ ያለባትን ካልሰቀላችሁ ይላል፤ ሌላው ኮከብ ያለባት ካለች አልመጣም ይላል። አቶ ተስፋጽዮን አልመጣም ከሚሉት ናቸው፤ ልጃቸውንም አስቀርተዋታል።

የራሳቸው አንዲት ባንዲራ አለቻቸው። ሲሰደዱ ያስተምሩበት ከነበረው ትምህርት ቤት የባንዲራ መስቀያ ላይ ቆርጠው ያመጧት ናት፤ ኮከብም ምንም የሌለባት። ሣጥን ውስጥ ናት፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። "ጊዜዋ ሲደርስ" ይላሉ። ጊዜዋ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልደረሰም። ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ብቻ አይታታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደታጠፈች።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ናት የአቾልን ባንዲራ ለመስፋት የተቀመጠችው።

ደግሞ እኮ አሳምራ ሰፋችው! ቅናት አለ ብላ ሥራዋን አላቀለለችም፤ በሥራዋ ቀልድ የለም። አቾል ያመጣችው አረንጓዴ ጨርቅ አጠረ፤ ከራሷ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከተረፋት ጥቅል፣ ቆርጣ ተካችው። ያ አረንጓዴ ከገበያው ትንሽ ፈካ ይላል፣ የትም ብታየው ታውቀዋለች። ነጮቹን ቀጫጭን መስመሮች በክር ለክታ አስገባች። ኮከቧ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ፈታች፤ ኮከብ ሰፍታ አታውቅማ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ተስፋጽዮን ከሥራ ገብተው መኪናው ላይ የተዘረጋውን አዩ።

"ኮከብ!" አሉ። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ኮከብ ከቤቴ እንዳይገባ ስከላከል፣ በልጄ እጅ ይግባ?"

"የነአቾል ናት፣ አባዬ። የኛ ኮከብ አይደለም።"

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። አቶ ተስፋጽዮን አልሳቁም። ጠጋ ብለው የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ እንደ ነጋዴ አሸት አሸት አደረጉት።

"አዲስ ናት" አሉ። "ገና ማንም አልተሰደደባትም።" ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ትዕዛዝ የዘንጉን ኪስ ሰፋች፣ ጫፉን ደፈነች፣ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። በካውያ ተኮሰችው። ለሙከራ ብላ የመጥረጊያውን ዘንግ አስገባችና ክፍሉ መሀል አቆመችው። ቆንጆ ነበር። ራቅ ብላ አየችው፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ መሰላት። እንዲያውም "ያሰላም!" አለች በአድናቆት ለራሷ። ከዚያ ዓይኗ ወረቀቷ ላይ ዐረፈ።

ወረቀቷ ላይ ጥቁሩ ከላይ ነው። እሷ ያቆመችው ደግሞ አረንጓዴው ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች። እጇ ለሰባት ዓመት እንደለመደው ኪሱን በአረንጓዴው በኩል ደፍኖት ቁጭ! ጨርቁ ልክ ነው፣ ኮከቡ ልክ ነው፣ መስመሩ ልክ ነው፤ ዘንግ ሲገባበት ግን ባንዲራው ተዘቅዝቆ ይቆማል። አገልብጬ ልያዘው ቢሉ ዘንጉ ሾልኮ ይወጣል።

ይኼ ምን ሥራ አለው? ላዩን ፈቶ ታቹን መድፈን ነው፣ የሩብ ሰዓት ጉዳይ። ትዕዛዝም መቀሱን አንስታ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አንስታ ነበር። የመጀመሪያዋን ስፌት ልትፈታ ስትል አቾል በሩን በርግዳ ገባች።

"አለቀ? ኸላስ? እስቲ አጣጥፊልኝ፣ ቶሎ! እናቴ ሣጥኑን ልትቆልፍ ነው። ፖሊስ ያየብን እንደሆነ ጣጣ ነው፣ ጀልባ ላይ እስክንወጣ አንከፍታትም።" ከዚያ የትዕዛዝን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች። "ወላሂ አሳዘንሽኝ። እናቴማ ትናንት ምን አለች መሰለሽ፣ 'ያቺ ምስኪን፣ ለሰው ስትሰፋ የራሷ ባንዲራ እንኳ የላት።' አይዞሽ፣ አንቺም አንድ ቀን ኢንሻአላህ።"

ምስኪን! ከስድብ ሁሉ ይቺ ባሰች። ትዕዛዝ መቀሱን አስቀመጠች። ባንዲራዋን ከዘንጉ አወጣች፣ አራት ላይ አጠፈች፣ ስምንት ላይ አጠፈች፣ በጋዜጣ ጠቀለለች፣ በክር አሰረች።

"እንዳትከፍቺያት እንግዲህ" አለች። "አቧራ ይገባባታል።"

አቾል ስማት ወጣች። ትዕዛዝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፈገግ አለች፣ ኧረ ፈገግ ብቻም አይደል! ጀልባዋ ታየቻት። ሕዝቡ እልል ሲል፣ አቾል ደረቷን ነፍታ ባንዲራዋን ስትዘረጋ፣ ባንዲራዋ ተዘቅዝቃ ስትውለበለብ፣ እልልታው ሲቆም። "ማናት ምስኪን?" አለች ጮክ ብላ።

አውቶቡሶቹ ግን በማግስቱ አልሄዱም። በሦስተኛውም ቀን አልሄዱም። ከገበያው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሰዎቹ ዕቃቸውን ከምረው፣ አልጋቸውን አቁመው፣ በላዩ አንሶላ ወጥረው ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሊሰናበት ይሄዳል፤ ወይዘሮ ወለተሥላሴም ዳቦ ይዘው ሄዱ።

"አቾል ጠየቀችሽ" አሉ ሲመለሱ። "ምነው አትመጣም አለች። ተጣላችሁ እንዴ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"የምን ሥራ? መኪናው ሦስት ቀን ሙሉ ተሸፍኖ እያየሁት!"

ትዕዛዝ ወደ ጓሮ ወጣች። ያቺ በሐሳቧ የታየቻት ጀልባ በመጀመሪያው ቀን እንደ ከረሜላ ጣፍጣት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሕዝቡ ሲስቅ ታያት። በሦስተኛው ቀን የአቾል ፊት ታያት፤ ያ ፊት ደግሞ ክፋቱ፣ የዛሬው አይደለም፣ የስምንት ዓመቱ ነው፤ ጥርሷ ወልቆ፣ ሁለት እጇን ድንጋይ ሞልታ፣ "ሐበሻ" ያሉትን ልጆች ልታባርርላት የምትሮጠው አቾል። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። የማይረባ ቅናት! በደስታ እንኳ አያስበላም እኮ። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፣ እሱንም አልደብቅም፤ "ይቺን ጉድ ማን ሰፋት?" ብለው ሲጠይቁ "ትዕዛዝ የምትባል ሐበሻ" ይባላል። የእጇ ሥራ በማታውቀው አገር ተዘቅዝቆ!

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከመንገዱ ጫፍ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ትዕዛዝ መቀስ፣ መርፌና ጥቁር ክር ከመሳቢያው አፈፍ አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች በረረች። ያገኘችው ባለሦስት እግር ረክሻ ላይ ዘለለችና "ወደ ሜዳው! ያላ፣ ያላ!" አለች።

ሜዳው ተተራምሷል። አልጋው በጭነት መኪና ላይ እየተጫነ፣ ሕፃኑ እያለቀሰ፣ ሾፌሩ እየተሳደበ ነው። አቾል ቆርቆሮ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ስታያት ብድግ ብላ አቀፈቻት። "መጣሽ! የማትመጪ መስሎኝ እኮ..."

"ሣጥኑን ክፈቺ" አለች ትዕዛዝ።

"ምን?"

"ባንዲራዋን ስጪኝ። ተበላሽታለች። ተዘቅዝቃ ነው የምትቆመው፣ ኪሱን ባልሆነ በኩል ደፍኜዋለሁ።"

አቾል እንዳልገባት አየቻት። ከዚያ ሣጥኑን ከፈተች፣ ጋዜጣውን ቀደደች፣ ጨርቁን ከጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ በጥቁሩ በኩል ገብቶ በአረንጓዴው በኩል ተቀረቀረ።

"ማዕለሽ፣ ግድ የለም፣ ተሳሳትሽ" አለች። "ሰው ይሳሳታል።"

እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ነገሩ ባለቀ። ትዕዛዝ ግን ዝም የምትል ልጅ አይደለችም፣ ስትናደድም ስታፍርም አፏ አይዘጋም። "ስሰፋው ተሳስቼ ነው። ስሰጥሽ ግን አውቄ ነው" አለች።

አቾል ቀስ ብላ ቀና አለች። "አውቀሽ?"

"አውቄ።"

"በሕዝብ ፊት እንድዋረድ?"

"አዎ።"

"ቀናሽብኝ?"

"ቀናሁብሽ!" አለች ትዕዛዝ፣ አጠገባቸው የነበሩ ሴቶች ዞር እስኪሉ። "ከጥር ጀምሮ ቀንቼብሻለሁ! ከጣትሽ ጀምሮ! አንቺን ጠየቁሽ፣ ለአንቺ አዲስ ባንዲራ መጣልሽ፣ አገር መጣልሽ፣ እኔ እዚሁ ቢጣቃዬን ሳሳድስ ልኖር ነው! ደግሞ ምስኪን ትይኛለሽ!"

አቾል ጨርቁን ጨበጠችው። ትዕዛዝ በጥፊ የምትመታት መስሏት ጠበቀች፤ ብትመታትም ደስ ባላት ነበር። አቾል ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እኔስ በምን እንደቀናሁ ታውቂያለሽ?" አለች። "በአልጋሽ። ትናንት እናትሽ ዳቦ ይዘው ሲመጡ፣ ማታ ወደ ቤታቸው ገብተው በአልጋቸው ሊተኙ ነው ብዬ ቀናሁ። የኛ አልጋ ይኸው እዚያ መኪና ላይ ታስሯል። ጁባ ማን አለኝ? አንድ ሰው ጥሪ ብትይኝ አልጠራም። እልል እያልኩ የምዞረው ሌላ ምን ላድርግ ብዬ ነው፣ ሞኝ!"

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለቱም ተያዩ፤ አቾል አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና ሣጥኑ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። "ያላ፣ ፍቺው" አለች። "ታስቂብኝ እንደሆነ እዚሁ ሳቂ፣ ጁባ ድረስ አታድርሺው።"

አቾል ጨርቁን ወጥራ ያዘች፣ ትዕዛዝ በአረንጓዴው በኩል ያለውን ስፌት በመቀስ ጫፍ ፈታች። ከዚያ በጥቁር ክር፣ በእጅ፣ በጥቁሩ በኩል ያለውን መድፈን ጀመረች። ሁለቴ ጣቷን ወጋች። የአቾል እናት ከአውቶቡሱ መስኮት "አቾል! ባንቺ ምክንያት ልንቀር ነው!" እያሉ ይጮኻሉ። ሦስት ጣት የሚያህል ሲቀር ሞተሩ ተነሣ።

"ውሰጂያት" አለች ትዕዛዝ። መርፌዋን ከነክሯ ጨርቁ ላይ ሰካችው። "የቀረውን አንቺ ትሰፊዋለሽ። አየሽ፣ እንዲህ አስገብተሽ፣ እንዲህ መልሰሽ፣ ክሩን ጠበቅ። መጨረሻ ላይ ሦስቴ ቋጥሪው።"

"መርፌ ይዤ አላውቅም እኮ!"

"ጠማማ ቢሆንም ግድ የለም። ብቻ ጥቁሩ ከላይ ይሁን።"

አቾል ባንዲራዋን ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ሮጠች። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮት እጇን አወጣች፤ ያንን ጣቷን ቀሰረች። ቀለሙ ከለቀቀ ወራት ሆኖታል። ትዕዛዝ አቧራው ውስጥ ቆማ፣ መቀሱን እንደያዘች፣ ዓይኗ እስኪፈዝ አየቻት። ይቅር ተባባሉ ብላችሁ ቅናቱ የለቀቃት እንዳይመስላችሁ፤ ለቅሶውም ቅናቱም አንድ ላይ ነበር የያዛት።

ሐምሌ ሁለት ቀን፣ ያቺ አዲስ አገር የምትታወጅበት ዕለት፣ አቶ ተስፋጽዮን ሱቅ ዐረቢ አልወረዱም። ሦስቱም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ፤ ትዕዛዝ ከፊት ምንጣፉ ላይ፣ አፍንጫዋ የቴሌቪዥኑን መስተዋት ሊነካ ደርሶ። ጁባ ፀሐዩ ያነድዳል። ሕዝብ በሕዝብ ላይ፣ ባንዲራ በባንዲራ ላይ። ትዕዛዝ የራሷን አረንጓዴ፣ ያንን ፈካ የሚለውን፣ ትፈልጋለች። የአቾል ጀልባ ትድረስ አትድረስ እንኳ ወሬ አልሰማችም።

"ከዚህ ሁሉ መሀል የትኛዋ ናት የሰፋሻት?" አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ በዚያ ደካማ ዓይናቸው እያጨነቆሩ።

ካሜራው ሕዝቡን ጠረግ አድርጎ አለፈ። ከፊት ረድፍ አንዲት ረጅም ልጅ ባንዲራ ከራሷ በላይ አንሥታ ለአፍታ ታየች።

"ያቺ!" ብላ ጮኸች ትዕዛዝ። ከምንጣፉ ላይ ዘላ ተነሣች። "ያቺት! እማዬ፣ ያቺ የኔ ናት! የኔ ባንዲራ ናት! ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ጥቁሩ ከላይ ነው! የኔ ባንዲራ!"

ስትጨርስ ካሜራው ሌላ ጋ ሄዷል። ልጅቱ አቾል ትሁን አትሁን፣ አረንጓዴው የማን አረንጓዴ ይሁን፣ በዚያች ቅጽበት ማንም ሊያውቅ አይችልም። ሦስቱም ይህንን ያውቁታል። "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

አቶ ተስፋጽዮን ከወንበራቸው ቀና አሉ። ልጃቸው ተወልዳ እስካሁን "የኔ ባንዲራ" ስትል የሰሙት ይኸው ዛሬ ነው፤ ያውም በአማርኛ፣ አንዲት የዐረብኛ ቃል ሳትቀላቅልበት፤ ያውም የሰው አገር ባንዲራ እያየች። ፊታቸው ጠቆረ። ጥር ላይ ጣቷን ያዩት ጊዜም እንዲህ ሆኖ ነበር፣ ያኔ ግን ጎርሰው ዋጡት። አሁን አልዋጥ አላቸው። እኚያ ትልቅ ሰው፣ ከማንም የማይፎካከሩት፣ ማንም ባለው ነገር ዓይናቸውን ጥለው የማያውቁት፣ ቀኑ። የለየለት ቅናት፣ ልክ እንደ ልጃቸው።

ተነሡና ጓዳ ገቡ። የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፣ የሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሴት ልጃቸውን አዩ፤ ትዕዛዝ ቴሌቪዥኑን ረስታ በሩን ታያለች።

አቶ ተስፋጽዮን ታጥፋ የኖረችውን ባንዲራ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። የስፌት መኪናው ላይ አኖሯትና ዘረጓት። እጥፋቷ ጨርቁ ላይ መስመር ሠርቶባታል፣ ቢጫዋ ገርጥቷል፣ በጎኗ በኩል ከገመዱ የተቆረጠችበት ጠርዝ ክሩ ተተርትሯል። ትዕዛዝ ተዘርግታ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው።

"ጊዜዋ ደረሰ እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቀስ ብለው።

"ተይኝ እስቲ አንቺ ደግሞ!" አሉ አቶ ተስፋጽዮን። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው የቁጣ ነው፣ ዓይናቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። "ይቺ የዘንግ ኪስ የላትም። ከገመድ ላይ ነው የቆረጥኳት። ኪስ ስፊላትና አንቺ ያዣት።"

ትዕዛዝ መርፌዋን ለአቾል ሰጥታት ስለነበር ከእናቷ ተቀበለች። ክሩን በከንፈሯ አርጥባ አስገባች። እጇን የተተረተረው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

"ልብ አድርጊ" አሉ አባቷ ከትከሻዋ በላይ ሆነው። "አረንጓዴው ከላይ ነው፣ እንዳትሳሳቺ።"

"እሱንስ እጄ ያውቀዋል፣ አባዬ" አለች።